ጥያቄ፦ የኃይል ማመንጫ ስንነድፍ፣ የቧንቧውና የቫልቩ (የፍሰት መክፈቻና መዝጊያው) ንድፍ ካለቀ በኋላ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ብንጀምር ይደርሳል ወይ?

መልስ፦ አይደርስም። ኦፕሬተሩ (ማመንጫውን ከክፍሉ ሆኖ የሚቆጣጠረው ሠራተኛ) ማወቅ ያለበት ነገር ነው ሴንሰሩ (መለኪያ መሣሪያው) የት እንደሚገጠም የሚወስነው። የሴንሰሩ ገመድ ደግሞ በኮንክሪቱ ግድግዳ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የግድግዳው ንድፍ ከጸደቀ በኋላ ያንን መጨመር ከባድ ነው።

ስለዚህ ንድፉ ገና በረቂቅ እያለ፦

1. የቱን ሥራ ሰው፣ የቱን ማሽን እንደሚሠራው ለይ።
2. ለእያንዳንዱ የሰው ሥራ ጠይቅ፦ ችግሩን በምን ያውቃል? ስንት ደቂቃ አለው? የቱን ማብሪያ ይነካል? መሳካቱንስ በምን ያረጋግጣል?
3. በካርቶን ሙሉ መጠን ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሠርተህ ኦፕሬተሮችን አስሞክር።

የመጨረሻዋን ጥያቄ አደራ አትዝለላት። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በትሪ ማይል አይላንድ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ተጣብቆ ሳለ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያለው መብራቱ ጠፋ፤ ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ የተዘጋ መሰላቸው። መብራቱ የሚያሳየው የመዝጊያውን ትእዛዝ እንጂ የቫልቩን አቋም አልነበረም፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ከ2 ሰዓት በላይ ሲያመልጥ ቆየ። መብራትህን ከራሱ ከቫልቩ ግንድ (ሲከፈትና ሲዘጋ ከሚንቀሳቀሰው ዘንግ) ጋር አገናኘው።