መልስ፦ 8 ሆኖ ትንሽ የሚተርፈው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ «987654321ን ለ123456789 ሳካፍል 8.0000000729 መጣብኝ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?» ላልከው፣ ስልክህ ደህና ነው። እኔም ማታ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በእጄ ሠራሁት። 123456789 በ8 ሲባዛ 987654312 ይሆናል። መጨረሻውን ልብ በል፣ 21 የነበረው 12 ሆነ። ልዩነቱ 9 ብቻ! ከነጥቡ በኋላ የምታያት ያቺ 9 ለ123456789 ስትካፈል የምትሰጠው ናት። በጣም ደስ የሚለኝ ደግሞ ከ1 እስከ 9 ያሉት ሲደመሩ 45 ስለሚሆኑ፣ አሃዞቹን እንደፈለግክ ብታቀያይራቸው ቁጥሩ ሁሌም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይም 9 ነው፤ ሁለቱንም ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር የተረፈችውን 9ንም ማካፈል አለበትና ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። 123456789 ራሱ ሲበተን 3 × 3 × 3607 × 3803 ነው።