የደብረ ዳሞው ወርቅና የኩሻን ነገሥታት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ዳሞ ላይ ኩሻን የሚባሉ የሕንድ ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል ሲባል ሰምቻለሁ። እነዚህ ነገሥታት ሂንዱ ነበሩ ወይስ ቡድሂስት? አንዱ መጽሐፍ የቡድሃ ደጋፊዎች ይላቸዋል፤ ሌላው ሺቫን ያመልኩ ነበር ይላል። (ከመቀሌ)

መልስ፦ ሳንቲሞቹ የተገኙት በ1940 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ100 ይበልጣሉ። ከቪማ ካድፊሰስ እስከ ቀዳማዊ ቫሱዴቫ ያሉ የ4 ነገሥታት ሲሆኑ አብዛኞቹ የሁቪሽካ ናቸው። በመጀመሪያ አንድ ነገር እናርም፤ ኩሻኖች በትውልዳቸው ሕንዳውያን አይደሉም። ከቻይና ሰሜን ምዕራብ ድንበር ተነሥተው ዛሬ ሰሜን አፍጋኒስታን በሚባለው በባክትሪያ ሰፈሩ፤ ከዚያ ተራራውን ተሻግረው እስከ ጋንጀስ ሸለቆ ገዙ። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለችው ፔሻዋርና የሰሜን ሕንዷ ማቱራ ዋና ከተሞቻቸው ነበሩ።

ስለ እምነታቸው ሳንቲሙ ራሱ ይናገራል፤ ግን ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። በፊቱ ንጉሡ አለ፤ በጀርባው አምላኩ ቆሟል፤ ከካኒሽካ ጀምሮ ስሙም በግሪክ ፊደል አጠገቡ ተጽፏል። የቪማ ካድፊሰስ ወርቅ ጀርባ የሺቫ ነው፤ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን ይዞ፣ ብዙ ጊዜም በሬውን አስከትሎ። ልጁ ካኒሽካ ግን ጀርባውን ለብዙዎች አከፋፈለው፦ እንስቷ አምላክ ናና፣ የፀሐዩ ሚይሮ፣ የጨረቃው ማኦ፣ የነፋሱ ኦአዶ፣ የእሳቱ አትሾ፣ ሺቫም ኦኤሾ ተብሎ። «ቦዶ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቡድሃ ምስልም አለ፤ እጅግ ብርቅ ነው። በቫሱዴቫ ዘመን ሺቫና በሬው ጀርባውን ለብቻቸው ያዙት ማለት ይቻላል።

ታዲያ ካኒሽካ «የቡድሃ ንጉሥ» የተባለው በምን ምክንያት ነው? ፔሻዋር አጠገብ በስሙ የሚጠራ ትልቅ ስቱፓ (የቡድሃ ቅርስ የሚቀመጥበት ጉልላት መሰል ሕንፃ) ስለነበረና ታሪኩን አክብረው ያቆዩለት የቡድሃ መነኮሳት ስለሆኑ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. አፍጋኒስታን ውስጥ ራባታክ ላይ የተገኘው የራሱ የድንጋይ ጽሑፍ ግን ሥልጣኑን ከናናና ከአማልክት ሁሉ እንዳገኘ ይናገራል፤ ከሚዘረዝራቸው መካከል ቡድሃ የለም። በእኛ ግምት ለአንድ ሥርወ መንግሥት አንድ ሃይማኖት መለጠፍ እዚህ ላይ አይሠራም። ባክትሪያዊውንም ማቱራዊውንም የሚያስገብር ንጉሥ ለሁሉም የሚታወቅ አምላክ ያስፈልገዋል፤ ለገዳም መስጠትም የዚያው ፖለቲካ አካል ነው።

ወርቁ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ? መንገዱ ባሕር ሳይሆን አይቀርም። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የግሪክ ነጋዴዎች መመሪያ የሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ አዱሊስ ይራገፍ እንደነበር ያስረዳል። ገዳሙ የተመሠረተው ከቫሱዴቫ 300 ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ ሳንቲሞቹ ከገዳሙ ይበልጣሉ በዕድሜ፤ አምባው ላይ የወጡት ካረጁ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የካኒሽካ ንግሥና አንድ ቦታ 78፣ ሌላ ቦታ 127 ተብሎ አነበብኩ። የቱን ልያዝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ 127 እ.ኤ.አ.ን ይያዙ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ይህ ነው። 78 የሳካ የሚባለው የሕንድ ዘመን አቆጣጠር መነሻ ነው፤ ቀደምት ሊቃውንት ሁለቱን አንድ አድርገው ስለወሰዱ በአሮጌ መጻሕፍት ቀርቷል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የኩሻን ጽሑፎች ዓመቱን ከካኒሽካ 1ኛ ዓመት ስለሚቆጥሩ፣ ጽሑፍ ላይ ዓመት ሲያገኙ 126 ይደምሩ። ማቱራ ላይ በሁቪሽካ ዘመን «28ኛ ዓመት» ተብሎ የተቀረጸው 154 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ወደ ዓመተ ምሕረት ለመመለስ 7 ወይም 8 ይቀንሱ፤ የካኒሽካ 1ኛ ዓመት 119 ወይም 120 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል።

አንባቢን የሚያሳስተው ሌላ ነው። የቫሱዴቫ ጽሑፎች 98ኛው ዓመት ላይ ያበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ጸሐፊዎቹ መቶውን ትተው ትርፉን ብቻ ይጽፉ እንደነበር ይታመናል፤ እኛ «በ66» ስንል 1966ን ማለታችን እንደሆነው። ስለዚህ ማቱራ ላይ «ካኒሽካ፣ 14ኛ ዓመት» የሚለው ጽሑፍ የዳግማዊ ካኒሽካ ነው፤ 114 ብለው 126 ሲደምሩ 240 እ.ኤ.አ. ይመጣል። መቶውን ከዘለሉት የልጅ ልጆቹን ዘመን ለአያት ይሰጣሉ። ቁጥሩ ሲያሻማ የፊደሉንና የሐውልቱን አሠራር ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ ቻንድራጉፕታ ከሴሌውቆስ ጋር ተዋግቷል ይባላል፤ በ320 እ.ኤ.አ. ነገሠም ይባላል። እንዴት ይሆናል? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ሁለት ሰዎች ናቸው። የማውርያው ቻንድራጉፕታ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ በ303 ገደማ ከታላቁ እስክንድር የጦር አለቆች አንዱ ለነበረው ለሴሌውቆስ 500 ዝሆን ሰጥቶ ሰፊ ግዛት ተቀበለ። የ320ው ደግሞ የጉፕታ ሥርወ መንግሥት ቀዳማዊ ቻንድራጉፕታ ነው፤ ሚስቱ ኩማራዴቪ ሊችቻቪ ከሚባሉት የሕንድ ገናና ወገኖች ስለነበረች ስሟም ምስሏም በወርቁ ላይ ወጥቷል። በመካከላቸው ከ600 ዓመት በላይ አለ።