ትሮምቦንና ጄ. ጄ. ጆንሰን፦ ለአንባቢ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ትሮምቦን ከትንፋሽ መሣሪያዎች ሁሉ ለፈጣን ሙዚቃ የማይመች ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ጄ. ጄ. ጆንሰን ቢባፕ የተባለውን ፈጣን የጃዝ ስልት ጥድፊያ በዚህ መሣሪያ እንዴት ሊወጣው ቻለ? እንዲህ ያለ ሙዚቀኛ በዕድሜው አጋማሽ መድረኩን ትቶ የፊልም ሙዚቃ ጸሐፊ መሆኑስ መክሊቱን እንደ መቅበር አይቆጠርም?

መልስ፦ ትራምፔት የሚነፋ ሰው ቁልፍ ሲጫን ድምፁ ወዲያውኑ ይለወጣል። ትሮምቦን የሚነፋው ግን ረጅሙን ተንሸራታች ቱቦ በክንዱ እየገፋና እየሳበ ከሰባቱ ቦታዎች ተፈላጊውን በጆሮውና በእጁ ልማድ ማግኘት አለበት፤ ትንፋሹን በምላሱ በወቅቱ ካልከፈለም በሁለቱ ድምፆች መካከል መጎተት ይሰማል። እንደ ኪድ ኦሪ ያሉት የቀድሞ የኒው ኦርሊንስ ተጫዋቾች ይህንኑ መጎተት ውበት አድርገውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እነ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊለስፒ ያመጡት ቢባፕ ግን በፍጥነት የሚፈራረቁ፣ አንዱ ከሌላው ጥርት ብለው የሚለዩ ድምፆችን ስለሚጠይቅ ትሮምቦን ወደ ኋላ የሚቀር ይመስል ነበር።

ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1924 በኢንዲያናፖሊስ ተወልዶ በ14 ዓመቱ ትሮምቦን የጀመረ ሲሆን፣ በቤኒ ካርተርና በካውንት ቤሲ ኦርኬስትራዎች ከተጫወተ በኋላ በ1947 ከፓርከር ጋር ሙዚቃ ለመቅረጽ በቅቷል። የሰሙት አንዳንድ ሰዎች ባለ ቁልፍ ትሮምቦን የሚነፋ መስሏቸው ነበር። ምስጢሩ የክንድ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። በትሮምቦን ላይ አንድ ድምፅ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ለምሳሌ ከመካከለኛው ዶ ቀጥላ ያለችው ሬ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ ትገኛለች፣ ከንፈር ጠበቅ ሲል ደግሞ በአራተኛው ቦታ ላይም ትወጣለች። ቀጣዩ ድምፅ ለየትኛው እንደሚቀርብ አስቀድሞ ያሰበ ተጫዋች የክንዱን መንገድ ያሳጥራል። ጆንሰን በዚህ ላይ ለስላሳ የምላስ አመታትንና እምብዛም የማይንቀጠቀጥ፣ የተረጋጋ ድምፅን ጨመረበት፤ የማያስፈልገውን ሁሉ መተዉ ዛሬም ሳዳምጠው ያስደንቀኛል። እንዲህ አስቀድሞ መምረጥና መቀነስ የደራሲ አስተሳሰብ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄዎም በዚሁ በኩል መልስ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ጆንሰን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሙዚቃ ገቢ ይልቅ በፋብሪካ የንድፍ ሥዕል ተቆጣጣሪነት የኖረበት ጊዜ ነበር። በ1954 ከዴንማርክ ተወላጁ ካይ ዊንዲንግ ጋር የመሠረተው የሁለት ትሮምቦን ቡድን ሰፊ ተወዳጅነት አገኘ። ይህ ዝና በእጁ ሳለ ነው በ1956 «ፖኤም ፎር ብራስ» የተሰኘውን ለናስ መሣሪያዎች የተደረሰ ረጅም ሥራ ያቀረበው። በ1961 ደግሞ ጊለስፒ ባቀረበለት ጥያቄ «ፐርሴፕሽንስ» የተባለውን ባለ ስድስት ክፍል ድርሰት ጽፎለታል።

ስለዚህ በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ተዛውሮ ለፊልምና ለቴሌቪዥን መጻፍ መጀመሩ ድንገተኛ ሽሽት አልነበረም። በ1972 ለ«አክሮስ 110ኛ ስትሪት»፣ በ1973 ደግሞ ለ«ክሊዮፓትራ ጆንስ» የሠራው ሙዚቃ የዚያው የደራሲነት ሥራ ቀጣይ ነው። እርግጥ በእነዚያ ዓመታት በመድረክ እምብዛም አለመታየቱ ለአድማጩ ጉዳት እንደ ነበር አልክድም፤ በ1987 ወደ መድረክ ተመልሶ ለተጨማሪ ዓመታት መጫወቱ ግን መሣሪያውን እንዳልጣለው ያሳያል። በ2001 በትውልድ ከተማው አረፈ።

ማዳመጥ ለመጀመር ካሰቡ «ላመንት» የተባለውን የራሱን ድርሰት ይምረጡ። መጀመሪያ እርሱ ራሱ የተጫወተውን፣ ቀጥሎ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በጊል ኤቫንስ ቅንብር በ1957 የቀረጸውን ይስሙ። በሁለተኛው ቅጂ ላይ ጆንሰን በትሮምቦን አልተሳተፈም፤ ዜማው ግን ያለ እርሱ ትንፋሽም ሙሉ ሆኖ ይቆማል።