ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጥ ኪኒን ለሩጫ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሱሉልታ የምለማመድ የ24 ዓመት ሯጭ ነኝ። ጠንከር ያለ ልምምድ ስሠራ ስለሚያስመልሰኝ ሐኪም ሜቶክሎፕራሚድ አዞልኝ ነበር። አሁን ጓደኛዬ «ይሄ ኪኒን እኮ ዶፓሚንን ስለሚያግድ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨምራል፣ በጥናት ታይቷል፣ ከውድድር በፊት ዋጠው» ይለኛል። እኔ ዶፓሚንን የማውቀው ከደስታ ጋር ሲነሳ ነው። ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው? ብወስደውስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አትውሰደው ወንድሜ። ጓደኛህ የሚያወራለት ጥናት እውነት አለ። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ፣ ለሯጭ ዋናው ደግሞ የቀረው ግማሽ ነው።

ዶፓሚን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ነው። ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ አንጎል ውስጥ ስለሚሠራው ነው። ሰውነታችን ግን ከአንጎል ውጭም ዶፓሚን አለው። ደም ውስጥ ይዘዋወራል፣ ስፖርት ስትሠራም መጠኑ ይጨምራል። ይሄኛው ወደ አንጎል እንደ ልቡ መግባት ስለማይችል የደስታውን ነገር ለጊዜው እንተወው። ደም ውስጥ ያለው ዶፓሚን ልብ ጠንክሮ እንዲመታ ያግዛል፣ የደም ስሮችን ስፋትም ይነካል። ሌላም ሥራ አለው። አንገት ላይ፣ ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ትልቁ የደም ስር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አካል አለች። የደምን ኦክስጅን እየለካች፣ ሲያንስ ቶሎ ቶሎ እንድትተነፍስ አንጎልን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ዶፓሚን ደግሞ እሷን ያለዝባታል።

አሁን ወደ ሳንባው እንግባ። ቁጭ ስትል ልብህ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ስትሮጥ 25 ሊትር፣ በጎበዝ ሯጮች ላይ ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ደም በሳንባ ማለፍ አለበት። አንድ ቀይ የደም ሴል ከአየር ከረጢቱ ጋር በሚዋሰነው ቀጭን የደም ስር ውስጥ የሚቆየው በእረፍት ጊዜ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ገደማ ነው፤ በከባድ ሩጫ ግን ወደ ሩብ ሰከንድ ሊወርድ ይችላል፣ ኦክስጅኑን መጫን ያለበትም በዚችው ቅጽበት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ጠንክሮ ሲሠራ የሳንባው ሥራ ትንሽ ይጓደላል። በአየር ከረጢቱና በደም መካከል ያለው የኦክስጅን ግፊት ልዩነት በእረፍት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) ይሆናል፤ በከባድ ስፖርት 20 እና 30 ይደርሳል። አንተ ደግሞ የምትሮጠው ደጋ ላይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የምንተነፍሰው አየር የኦክስጅን ግፊት ወደ 150 ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 110 ገደማ ነው፣ ሱሉልታ ከዚያም ይወርዳል። ያቺ የአንገት አካል እዚያ ሥራ ይበዛባታል።

ጥናቱን ያደረጉት የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። 12 ጤነኛ ወንዶችን ብስክሌት አስነዱ። አንዴ 20 ሚሊ ግራም ሜቶክሎፕራሚድ፣ አንዴ ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ሰጧቸው። መነሻ ግምታቸው ዶፓሚን ሳንባ ውስጥ አቋራጭ የደም ስሮችን ይከፍታል የሚል ነበር። በአቋራጭ ያለፈ ደም አየር ሳያገኝ ወደ ልብ ይመለሳል፤ እንግዲህ ዶፓሚን ቢታገድ አቋራጩ ይዘጋል ብለው ጠበቁ።

አቋራጩን የሚያዩበት ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። የጨው ውኃ በደንብ ተንጦ ጥቃቅን አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ በክንድ ደም ስር ይሰጣል። አረፋው በሳንባ ቀጫጭን ስሮች ማለፍ ስለማይችል እዚያው መቅረት ነበረበት። በአልትራሳውንድ በግራው የልብ ክፍል ውስጥ ብቅ ካለ ግን ሰፋ ያለ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። በእረፍት ጊዜ አረፋ የማይታይበት ብዙ ጤነኛ ሰው ስፖርት ሲሠራ ይታይበታል።

ታዲያ ምን ተገኘ? ሰዎቹ ከአቅማቸው ጣሪያ 85 በመቶ ላይ ሲደርሱ፣ ኪኒኑን በወሰዱበት ቀን የደማቸው ኦክስጅን ከፍ አለ፣ ያ የግፊት ልዩነትም ጠበበ። ትንፋሻቸውም ጨምሯል። ይህ አያስገርምም፣ የአንገቷን አካል የሚያለዝበው ዶፓሚን ታግዷላ። አረፋው ግን አልቀነሰም፤ ስለዚህ የኦክስጅኑ መሻሻል ከአቋራጮቹ መዘጋት የመጣ አይመስልም። ጓደኛህ የነገረህ እስከዚህ ያለውን ነው።

የቀረው ይኸውልህ። በዚያው ኪኒን ልባቸው ሊረጨው የሚችለው ከፍተኛው የደም መጠን ቀነሰ። ቪኦ ቱ ማክሳቸው፣ ማለትም ሰውነታቸው በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን፣ ቀነሰ። እስኪደክማቸው የቆዩበት ጊዜም አጠረ።

እንዴት ኦክስጅን ጨምሮ አቅም ይቀንሳል? ቀላል ሒሳብ እንሥራ (ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ እንጂ የጥናቱ አይደለም)። አንድ ሊትር ደም ከሳንባ ሲወጣ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይዟል። ልብህ 25 ሊትር ቢረጭ፣ በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ለሰውነትህ ይደርሳል። ሳቹሬሽንህ (ደምህ ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚያሳየው ቁጥር) አንድ በመቶ ቢጨምር የምታተርፈው 50 ሚሊ ሊትር ነው። ልብህ የሚረጨው ደም በአንድ ሊትር ብቻ ቢቀንስ ግን 200 ሚሊ ሊትር ታጣለህ። በጣትህ ላይ የምትሰካው መሣሪያ የሚያሳይህ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን አያየውም። ልምምድ ቦታ ላይ ያቺን ቁጥር ብቻ እያዩ የሚጨነቁ ልጆች ስለበዙ ነው ይህን ያህል የዘረዘርኩት።

ደግሞ ሜቶክሎፕራሚድ አንጎልም ውስጥ ይገባል። ሊያስተኛህ፣ ሊያቁነጠንጥህ ይችላል፤ አንዳንዴም በተለይ ወጣቶች ላይ የአንገትና የመንጋጋ ጡንቻን አኮማትሮ ያጣምማል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ የመከረው በከንቱ አይደለም። ስትሮጥ የሚያስመልስህ ከሆነ መጀመሪያ ከልምምድ በፊት ምን እንደምትበላና ስንት ሰዓት እንደምትበላ አስተካክል፣ ካልተሻለህ ወደ ሐኪምህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት በኢንፌክሽን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ነበር፣ ሳንባቸውም ተጎድቶ ነበር። የደም ግፊታቸው ሲወርድ ዶፓሚን በደም ስር ተሰጣቸው። ግፊቱ ተስተካከለ፣ የኦክስጅን ሳቹሬሽናቸው ግን ከ94 ወደ 90 በመቶ ወረደ። ነርሷ «ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል» አለችን። አሁን ደህና ናቸው፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይሆናል?

መልስ፦ እንኳን ተሻላቸው እህቴ። አዎ፣ ይሆናል። የታመመው የሳንባ ክፍል አየር ሲያጣ ወደዚያ የሚሄደው የደም ስር ይጠብባል፤ ደሙ አየር ወዳለበት ክፍል ይዞራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1946 በድመቶች ላይ ያሳዩት ስዊድናውያኑ ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ ናቸው። ዶፓሚን ይህን መከላከያ ሊያላላው ይችላል፣ የሚረጨውን ደምም ያበዛዋል። ያኔ አየር በሌለው ክፍል የሚያልፈው ደም ይጨምርና ሳቹሬሽን ይወርዳል።

ይህ ማለት ግን ሐኪሞቹ አጠፉ ማለት አይደለም። ግፊት ከወረደ አንጎልና ኩላሊት ደም አያገኙም፣ 94 የሚለው ቁጥርም ብቻውን አያድንም። የኦክስጅኑን መውረድ ኦክስጅን በመጨመር ወይም የመድኃኒቱን መጠን በማስተካከል ይይዙታል። ዛሬ በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ምርጫ ኖርኤፒኔፍሪን የተባለው ሌላ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ከ1,600 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ዶፓሚን የልብ ምትን የማዛባት ችግሩ ከኖርኤፒኔፍሪን እጥፍ ገደማ መሆኑን (24 በመቶ ለ12 በመቶ) ካሳየ ወዲህ። ኖርኤፒኔፍሪን በማይገኝበት ቦታ ግን ዶፓሚን አሁንም ሰው ያተርፋል።

አባትሽ እንደገና ሆስፒታል ቢገቡ የሆነውን ለሐኪሙ ንገሪው። አለርጂ ነው ብለሽ ግን ካርዳቸው ላይ አታስጽፊ፤ አንድ ቀን ሊያስፈልጋቸው የሚችል መድኃኒት ያለምክንያት ይከለከላሉ።