ካርዴን የጃፓን ሱቅ አልቀበልም አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። የድሮ የፊልም ካሜራና ሌንስ መሰብሰብ እወዳለሁ። ሰሞኑን ቶኪዮ ያለ አንድ ትንሽ የካሜራ ሱቅ ድረ ገጽ ላይ ስፈልገው የኖርኩትን የኒኮን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ18,000 የን አገኘሁት። ካርዴን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እምቢ አለ። የባንኬ አፕ ላይ ግን ገንዘቡ የተያዘ ይመስላል። ሱቁ የሚሰጠኝ ሌላ ምርጫ በባንክ ማስተላለፍ፣ ኮንቢኒ የሚባል ሱቅ ሄዶ መክፈል ወይም ዕቃው ቤት ሲደርስ መክፈል ነው። በባንክ ልላክለት? እባካችሁ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ መልሱልኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካርዱን መሞከርህን አቁም። በተደጋጋሚ በሞከርክ ቁጥር ባንክህ ካርዱን ሌባ እየሞከረው ነው ብሎ ሊዘጋብህ ይችላል። የተያዘው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይለቀቃል፤ ካልተለቀቀ ለሱቁ ሳይሆን ለባንክህ ደውል።

ለምን እምቢ አለ? ካርድህ ስለተበላሸ ወይም ገንዘብ ስለሌለህ ላይሆን ይችላል። ብዙ የጃፓን ትንንሽ ሱቆች ማጭበርበርን ስለሚፈሩ ውጭ አገር የወጣ ካርድ አይቀበሉም፣ ቪዛም ይሁን ማስተርካርድ። ሌላም ምክንያት አለ። በኢንተርኔት የሚሸጡ የጃፓን ሱቆች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ማርች መጨረሻ ድረስ፣ ከፋዩ የካርዱ ባለቤት መሆኑን በኮድ ወይም በአፕ የሚያጣራውን ሥርዓት እንዲያስገቡ ተጠይቀው ነበር። ስለዚህ ባንክህ ጋ ይህ አገልግሎት ካልተከፈተልህ ክፍያው እዚያው ይቆማል። ይሄን ዛሬውኑ አጣራ። አንዳንዴ ችግሩ ይሄ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ቅጹንም አንድ ጊዜ ተመልከተው። የጃፓን ቅጾች ስምህን ሁለቴ ይጠይቁሃል፣ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ንባቡ ካታካና በሚባለው የጃፓን ፊደል መጻፍ አለበት። እሱም ብቻ አይደለም፣ ኮምፒውተር ላይ ይህ ፊደል ሰፊና ጠባብ ቅርጽ አለው፣ ብዙ ቅጾች ሙሉ ስፋት ያለውን ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ጠባቡን ስታስገባ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል እንጂ ምን እንዳጠፋህ አይነግርህም። ፖስታ ኮዱ ሰባት አኃዝ ነው። ከዚያ ከ47ቱ ክፍለ ግዛቶች አንዱን ምረጥ ይልሃል፤ ጀርመን የሚባል እዚያ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ቅጽ ካየህ ሱቁ ከጃፓን ውጭ አይልክም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌሎቹ ምርጫዎች ልምጣ። ኮንቢኒ ማለት ሃያ አራት ሰዓት ክፍት የሆኑት ሰቨን ኢለቨን፣ ላውሰን፣ ፋሚሊማርት ዓይነት ሱቆች ናቸው። ቁጥር ይላክልሃል፣ እዚያ ሄደህ ለገንዘብ ተቀባዩ በጥሬ ገንዘብ ትከፍላለህ። ዕቃው ሲደርስ የሚከፈለው ደግሞ ዳይቢኪ ይባላል፣ ገንዘቡን የሚቀበልህ ዕቃውን ያመጣው ሰው ነው። ሁለቱም ጃፓን ውስጥ ላለ ሰው ናቸው።

የባንኩን ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ እነግርሃለሁ፣ ተው። ሱቁ የሚሰጥህ የባንኩን ስም፣ የቅርንጫፉን ስም፣ የሂሳቡን ዓይነትና ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ጃፓን አውሮፓ የለመድነውን ረጅሙን የሂሳብ ቁጥር አትጠቀምም። ከፍራንክፈርት ስትልክ ባንክህ ይቆርጣል፣ መሃል ያለው ባንክም ሊቆርጥ ይችላል፣ ተቀባዩ የጃፓን ባንክ ደግሞ የራሱን ይቆርጣል፤ ይሄ የመጨረሻው ብቻ ጥቂት ሺህ የን ሊሆን ይችላል። እኔ ከዓመታት በፊት እንዲህ ልኬ ነበር። 12,000 የን የላክሁት 9,500 ሆኖ ደረሰ። ሱቁ ጎድሏል ብሎ ትዕዛዙን ሰረዘ፣ የተመለሰልኝ ገንዘብም በመንገዱ እንደገና ተቆርጦ ነበር። ብሩም ሄደ፣ ዕቃውም ሄደ።

ታዲያ ምን ይሻላል? የግዢ ወኪል። ዜንማርኬትና ባዪ የሚባሉት ለዚህ የተቋቋሙ ናቸው። የሌንሱን ሊንክ ትሰጣቸዋለህ፣ ለእነሱ በካርድህ ወይም በፔይፓል ትከፍላለህ፣ እነሱ ለሱቁ በጃፓን ባንክ ይከፍላሉ፣ ዕቃው መጋዘናቸው ይገባል። ከዚያ ይመዘንና ሁለተኛ ክፍያ ይመጣልሃል፣ የመላኪያው። ሰዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ክፍያ ሁሉም ያለቀ ይመስላቸዋል።

ቴንሶን ከእነዚህ ጋር አታምታታ። እሱ የጃፓን አድራሻ ይሰጥህና የደረሰውን ወደ አንተ ያሻግራል እንጂ አይከፍልልህም። ካርድህን ሱቁ የሚቀበል ከሆነ ጥሩ ነው፣ ካልተቀበለ ግን አይጠቅምህም።

ሂሳቡን ከመግዛትህ በፊት ሥራ። ሌንሱ 18,000 ነው። መላኪያው 4,000 የን ነው እንበል። አውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጁላይ ወዲህ ትንሽ ነው ብሎ ከተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያልፈው የንግድ ዕቃ የለም፤ ጀርመን 19 በመቶ ታስከፍላለች፣ መላኪያውንም ጨምራ። ያ ማለት 4,180 የን ገደማ ታክስ ነው። ወኪሉ የሚወስደው አለ፣ ታክሱን ቀድሞ የሚከፍልልህ የፖስታ ድርጅትም የአገልግሎት ያስከፍልሃል። ክፍያ ገጹ ላይ በዩሮ ወይስ በየን ብሎ ከጠየቀህ የን በል፤ የሱቁ ምንዛሬ ብዙውን ጊዜ ከባንክህ የባሰ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ፣ ሌንስ ስለሆነ። መግለጫው ውስጥ ጃንክ የሚል ቃል ካለ ዕቃው አይሠራም ወይም ዋስትና የለውም ማለት ነው፣ አይመለስም። ካቢ የሚል ካለ ደግሞ ሻጋታ ነው። ወኪሉ ከከፈለ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ በጣም ከባድ ስለሆነ ገጹን በትርጉም መሣሪያ እስከ መጨረሻው አንብበው። ሱቁ ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ያሰፈረበትን ገጽም ፈልግ፣ የጃፓን ሕግ ያስገድደዋል። ያ ገጽ ከሌለ፣ ዋጋው ከሁሉም በግማሽ ከወረደና የሚቀበለው በባንክ ብቻ ሆኖ ሂሳቡም በግለሰብ ስም ከሆነ አጭበርባሪ ነው፣ ሌንሱን እርሳው።

ጥያቄ፦ ኦሳካ ተምሬ አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። ጃፓን ያለችው ጓደኛዬ የምፈልገውን መጽሐፍ ኮንቢኒ ሄዳ ትከፍልልኛለች፣ ግን ማስቸገሩ ሰለቸኝ። የድሮ የባንክ ሂሳቤ አልተዘጋም፣ እሱን ብጠቀምስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እሱን ባትነኪው ይሻላል። የጃፓን ባንኮች የውጭ አገር ደንበኛ የመኖሪያ ካርዱ ጊዜ ሲያልፍ ሂሳቡን ይገድባሉ፣ አገሩን ለቆ የሚወጣ ሰውም እንዲያሳውቅ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ገንዘብሽ ውስጡ እንዳለ ይቆለፍብሽና ለማስከፈት ራስሽ ኦሳካ ቅርንጫፉ ድረስ መሄድ ሊኖርብሽ ይችላል። ያለውን አውጪና በደንቡ መሠረት እንዲዘጋልሽ ጠይቂ።

ጓደኛሽ ግን ያለሽ ጥሩ መንገድ ናት። የኮንቢኒ ክፍያ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ቁጥሩ ያለው ማንም ሰው መክፈል ይችላል። ሰቨን ኢለቨን ከሆነ 13 አኃዝ ያለውን ቁጥር ለገንዘብ ተቀባዩ ማሳየት ይበቃል። ቁጥሩ የሚያበቃበት ቀን ስላለው ግን ስትልኪላት ቀኑንም አብረሽ ጻፊላት፣ ሥራ በዝቶባት ሊያልፍባት ይችላል። መጻሕፍቱን ሁለት ሦስት አድርገሽ በአንድ ትዕዛዝ አድርጊ፣ አንዴ ሄዳ ትጨርሳለች። የከፈለችውንም ሳትጠይቅሽ በዚያው ሳምንት መልሺላት።