የቮልስህን ሞተር ከማስወረድህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራው የአባትህ ቮልስ 1300 ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ሲይዝ ያስላል፣ ፍጥነት ሲያገኝ ግን ይሻለዋል። ጋራዡ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ለክቶ «ዝቅ ብሏል፣ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት» አለህ። አንተም ብር ከማውጣትህ በፊት እቤትህ ግቢ ውስጥ ልትመረምረው የምትችለው ነገር እንዳለ ጠየቅህ። አለ፣ ብዙ አለ። ችግሩ ከአራቱ ሲሊንደሮች የአንዱ ይሁን የሁሉም ሳታውቅ ሞተሩን አታስወርድ፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተርም በካቻቢቴ አትነካካ።

ከዚያ ከኮምፕረሽኑ ልጀምር፤ የብዙ ሰው ሞተር በከንቱ የሚከፈተው በእሱ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያንኑ ቀጭን አየር ስለሆነ መለኪያው የሚያሳየውም ቁጥር በዚያው መጠን ይቀንሳል። መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳርቻ 8 ባር ቢያሳይ እዚህ 6 ቢያሳይ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ስለዚህ «ዝቅ ብሏል» የሚለውን ተወውና የአራቱንም ሲሊንደሮች ቁጥር ጠይቅ። አራቱም ካንዴላዎች (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚፈነጥቁት) ወጥተው፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ መለካቱንም አረጋግጥ። ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ የተለካ ኮምፕረሽን ምንም አይነግርህም። አራቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ የመንቀጥቀጡ ምክንያት ከሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን በደንብ አንብበኝ።

ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት የቤንዚን ጎማዎቹን እይ። ይህን አደራ እላለሁ። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለውን ጎማ አጠፍ አድርገህ ተመልከተው፤ መታጠፊያው ላይ ስንጥቅ ካየህ ዛሬውኑ ቀይረው። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የነሐስ ቱቦም በጣትህ ወዝወዝ አድርገው፤ ተጭኖ የገባ እንጂ የታሰረ ስላልሆነ በዕድሜ ይላላል። ቱቦው ቢወልቅ ቤንዚኑ የሚፈሰው በጋለ ሞተርና እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው፣ በሚፈነጥቅ ዲስትሪቢውተር ላይ ነው። የቮልስ ሞተር ገላ ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ እሱ አንዴ ከተቀጣጠለ በውኃ አይጠፋም። ስትሠራ የእሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር።

አሁን ጥፋተኛውን ሲሊንደር እንፈልግ። ከመኪናው ኋላ ስትቆም በቀኝህ ያሉት 1 እና 2፣ በግራህ ያሉት 3 እና 4 ናቸው፤ ለአንተ የሚቀርቡት 2 እና 4፣ ወደ ሾፌሩ የሚጠጉት 1 እና 3 ናቸው። ሞተሩን አጥፋ፣ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀል፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘው፣ ከዚያ አስነሳና አዳምጥ። ገመዱ ሲነቀል መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር ማለት ነው። ነቅለኸው ምንም ለውጥ ካላመጣ አገኘኸው። ሞተሩ እየሠራ ገመድ በእጅ መንቀል የለመዱ አሉ፤ አትከተላቸው። ስትመልስ በገመዱ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ክዳን የቆርቆሮውን ቀዳዳ በደንብ መድፈኑን እይ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ በዚያ ቀዳዳ የሚያመልጠው የማቀዝቀዣው አየር ነው።

የማይሠራው ሦስተኛው ሲሊንደር ከሆነ አልደነቅም። በአንተ መኪና ዘመን በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ አየሩ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርድበት መንገድ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ያ ሲሊንደር የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ፈቀቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው። በሙቀቱ ቀድሞ የሚጎዳው የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው፤ ግንዱ ይለጠጣል፣ በግንዱና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል፣ በመጨረሻም ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ መክደን ያቅተዋል። ሚኒሞ ላይ ጋዙ ለማምለጥ ጊዜ ስለሚያገኝ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት ሲጨምር ጊዜው ስለሚያጥር የተሻለው ይመስላል። አንተ የገለጽኸው ምልክት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በጆሮው ይታለላል። የላላ ቫልቭ ቀጭ ቀጭ ስለሚል ሁሉም ይሰማዋል፣ ይፈራዋል። የጠበቀ ቫልቭ ግን ጸጥ ይላል፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው። ካላረፈ ይቃጠላል፤ ሲብስም ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳል። በአንድ ወዳጄ ቮልስ ላይ ካርቡራተሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ለውጥ አልመጣም ነበር። የቫልቭ ክዳኑን ስንከፍት የሦስተኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተት ዜሮ ሆኖ በጣት ሲነኩት ቅንጣት አይንቀሳቀስም። ያው ቀን ተስተካከለ፣ ሞተሩም ያው ቀን ረጋ።

ቫልቭ ለማስተካከል ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ «ትንሽ በርዷል» አይበቃም። ክዳኖቹ በመኪናው ሥር በግራና በቀኝ በወፍራም ሽቦ ተይዘዋል፤ ሞተሩ መውረድ አያስፈልገውም። የፑሊውን (ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር) ምልክት ከሞተሩ ገላ መጋጠሚያ ጋር አስተካክል፤ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ሮተር የዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ካለው ጭረት ትይዩ ሲሆን 1ኛው ዝግጁ ነው። ከዚያ ፑሊውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር እያዞርህ 2፣ 3፣ 4 ብለህ ሂድ። ክፍተቱ ለሁሉም 0.15 ሚሊሜትር ይሁን፤ መለኪያው ሲሳብ ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት። ስትጨርስ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ የሦስተኛውን እንደገና ለካ። ከጠበቀ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፤ ያኔ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሩ ራስ) መውረድ አለበት፣ ጋራዡም እውነቱን ነው። ካልጠበቀ ሞተርህን አተረፍህ።

አራቱም እኩል የሚሠሩ ከሆነ ወደ እሳቱ ሂድ። በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አድርግ። ፑንቲናው ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ ያኔ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ይግላል። የዲስትሪቢውተሩን ዘንግ ወደ ጎን ግፋው፤ ከተወዛወዘ ፑንቲና ብትቀያይር አይረጋም። ፑንቲናው ላይ ደማቅ ብልጭታ የሚታይ ከሆነ ኮንደንሰሩን (ፑንቲናው ላይ ያለውን ብልጭታ የሚቀንሰውን) ጠርጥር። አዲስ ስለገዛኸው ብቻ ደህና ነው አትበል፤ ገበያው ላይ ያለው ብዙው ደካማ ነው፣ የሚሠራውን አሮጌ አትጣለው።

እሳቱ ደህና ከሆነ በቀጭን የውኃ መርጫ የማኒፎልዱን (ከካርቡራተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደውን ቱቦ) መጋጠሚያዎችና የካርቡራተሩን ሥር ብቻ ርጭ፤ ዲስትሪቢውተሩን አታርጥብ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር እየገባ ነው። አሮጌ የሶሌክስ ካርቡራተር ላይ የቢራቢሮው (የአየር መግቢያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን) ዘንግ ራሱ ተበልቶ አየር ያስገባል። ክረምት ላይ ብቻ የሚያስል ከሆነ ደግሞ ማኒፎልዱን ነካ አድርገው። በሐምሌና ነሐሴ አየሩ ርጥብና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ከሥሩ የሚያሞቀው ቀጭን ቧንቧ በካርቦን ከተደፈነ ማኒፎልዱ ያልበዋል፣ እንዲያውም በረዶ ይይዛል። ቧንቧው ይጸዳል እንጂ ካርቡራተር አይገዛም።

ካንዴላዎችህ አራቱም በጥቀርሻ የጠቆሩ ከሆነ ከፍታው ነው፤ በቀጭን አየር ቤንዚኑ ይበዛል። አነስ ያለ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት የካርቡራተር ቀዳዳ) ማስገባት ይቻላል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ የምትወርድ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን መልሰህ ግጠም፤ እዚያ ታች ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ የሚጎዳውም ያው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው።

የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕረሽንና ገመዱ ሲነቀል ለውጥ ያላመጣውን ቁጥር እዚሁ ጻፍልን፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሞተር ማስወረድ እንነጋገራለን።