መልስ፦ የ2023ቱ ኮማንደርስ ውድቀት የሳም ሃውል ጥፋት ነው?

ወንድሜ፣ "ዋሽንግተን ሁለቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች አሸንፎ እንዴት በ4 ድልና በ13 ሽንፈት ጨረሰ? ጥፋቱ የኳርተርባኩ አይደለም ወይ?" ብለህ ስለ አሜሪካ ፉትቦል (NFL) ቡድኑ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ጠይቀሃል። እኔ ሁሉንም በኳርተርባኩ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን በሚመራው ተጫዋች) በሃውል ላይ መጫን ግፍ ነው ባይ ነኝ።

ልጁ ሙሉ ዓመት ሲሰለፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሩጫውን ረስተው 612 ጊዜ አስወረወሩት፤ በዚያ ዓመት በሊጉ የዚያን ያህል የወረወረ የለም። ኳሱን ሳይለቅ 65 ጊዜ ተይዞ ወድቋል። እስቲ አስበው፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው 65 ጊዜ ሲያርፍብህ! አዎ፣ 21 ኳስ ለተጋጣሚ ሰጥቷል። ኳስ ይዞ መቆየትም ያበዛል። ግን እንዲህ የተደበደበ ሰው መደናገጡ አይቀርም።

እኔን ያንገበገበኝ መከላከሉ ነው። 518 ነጥብ ገባበት፣ የዓመቱ የመጨረሻ ደረጃ። በዚያ ላይ ኦክቶበር 31 ቀን ተከላካዮቹን ሞንቴዝ ስዌትንና ቼስ ያንግን ለድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ለሚወስዱበት) ምርጫ ብለው ለሌሎች ቡድኖች አሳልፈው ሰጡ። ከዚያ በኋላ ያሸነፉት ኒው ኢንግላንድን ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን 8 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፉ።

በታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) ከዳላስ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ፈልገህ እየው። የዳላሱ ተከላካይ ዳሮን ብላንድ የሃውልን ኳስ ቀልቦ 63 ያርድ ሮጠና አገባ። እንዲህ ቀልቦ ሲያገባ በአንድ ውድድር ዘመን አምስተኛው ነበር፤ የሊጉን ሪከርድ በኛ ላይ ሰበረ። 45 ለ 10 አለቀ። ምግቡ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ቀረ፣ መብላት አቃተኝ። በማግስቱ የመከላከሉ አሰልጣኝ ጃክ ዴል ሪዮ ተባረረ።